ኦይቫ ካርፒነንና ብርድ ልብስ የለበሰው ቧንቧ

ኦይቫ ካርፒነንን በመንደሩ የማያውቀው የለም፤ ውርጭ ሲገባ ግን ብዙ ሰው እንዳላወቀ ይሆናል። ሱቅ ውስጥ ከሩቅ ሲያዩት ወደ ዓሣው መደርደሪያ ይታጠፋሉ፣ ዓሣ የማይበሉት ሳይቀሩ። ዕድሜውን በትምህርት ቤት የጥገና ሠራተኛነት ገፍቶ ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ የሚጠግነው ቧንቧ ስላጣ ሰው መጠገን ይዟል።

«ብርድ እንዳይገባ የወለል ሥር መተንፈሻውን ደፈንክ?» ይላል፣ ገና ሰላምታ ሳይሰጥ። «ማታ ውሃው በረዶ እንዳይሆን ቧንቧውን በቀጭኑ ክፍት ትተዋለህ ወይስ እንደ ማርታ ጥርቅም አድርገህ ትተኛለህ?»

ማርታ ብቻዋን የምትኖር ጎረቤቱ ናት። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ውሃው ቧንቧዋ ውስጥ በረዶ ሆኖ ቧንቧው ፈነዳባት። ኦይቫ ሮጦ ደርሶ ጠገነላት። እየጠገነ መከራት፤ ጠግኖ ከጨረሰ በኋላም ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይመክራታል።

እሱ እንኳን አፉን ሞልቶ መናገር ይችላል። በሠላሳ አንድ ክረምት የእሱ ቧንቧ አንድ ቀን ቆፈን ይዞት አያውቅም። ከውሃ ጉድጓዱ እስከ ቤቱ ያለው መሬት አለት ስለሆነ ቧንቧው የተቀበረው አንድ ክንድ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ኦይቫ በላዩ የወረደውን በረዶ አይነካም፤ ከሌላ ቦታ እየዛቀ ይደርብበታል እንጂ። በረዶ ለመሬት ብርድ ልብስ ነው። ጉብታውን የሚረግጥ ወዮለት። አንዴ ፖስታ አዳዩ አቋርጦት ቢያልፍ ኦይቫ ዱካውን አንድ በአንድ በጭልፋ ሞላው።

«አንተ ሰውዬ» አለች ሚስቱ ሂልካ በመስኮት እያየችው፤ «እኔን እንዲህ አልብሰኸኝ ታውቃለህ?»

«አንቺ መች ፈንድተሽ ታውቂያለሽ?»

«ቆይ ጠብቅ!»

በዚህ ዓመት፣ ገና ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ኦይቫ ዓይኑን ሊታከም ከሂልካ ጋር ወደ ከተማ ወረደ። ውርጩ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት ገብቷል። ቤቱ ባዶ እንዳይሆን አማቻቸው ዩሶ ከሄልሲንኪ ቀድሞ መጥቶ ምድጃውን እንዲያነድ ተባለ። ኦይቫ በስልክ አሥራ አራት ትእዛዝ ሰጠው፤ ስለ መተንፈሻው፣ ስለ ቧንቧው፣ ሙቀት እንዲገባ ስለሚከፈተው የዕቃ ማጠቢያው ሥር ቁምሳጥን። ስለ በረዶው ጉብታ ግን ትንፍሽ አላለም። ከዚያ ላይ በረዶ የሚዝቅ ፍጡር እናት ትወልዳለች ብሎ በምን ያስብ?

ዩሶ ደግሞ ቅን ልጅ ነው። አሥራ አራቱንም ፈጸመና ሰዓት ተረፈው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ አካፋ አነሳ።

ባልና ሚስቱ የተመለሱት በገና ዋዜማው ዋዜማ፣ ከጨለመ በኋላ ነበር፤ ኦይቫም አንድ ዓይኑ ታሽጎ ነበርና ምንም አላየም። ጠዋት ቧንቧውን ሲከፍተው ሁለት ጊዜ ሳለ፣ አንድ ጠብታ አወጣ፣ ዝም አለ።

በሩን በርግዶ ወጣ። ግቢው ተላጭቷል።

«አባባ፣ አዩት?» አለ ዩሶ ከኋላው፤ «አምስት ቀን ሙሉ ነው የለፋሁት! ሣሩ ድረስ አወጣሁልዎ!»

ኦይቫ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለች ሂልካ። ሁሉም ተነገራት። የገና ዋዜማ ያለ ሳውና፣ ያለ እንፋሎት መታጠቢያው ማለት ነው፣ ዋዜማ አይደለም፤ ሳውና ደግሞ ያለ ውሃ አይሆንም፤ ለሠላሳ አንድ ክረምት የተገነባው ክብርም እዚያው መሬት ሥር ደርቆ ቀረ። ቅርቡ ውሃ ያለው ማርታ ቤት ነው።

«ከምለምናት በረዶ አቀልጣለሁ» አለ ኦይቫ። እስከ ቀትር አቀለጠ። አንድ ድስት ሙሉ በረዶ አንድ ስኒ ውሃ ይሆናል፤ እሱንም ዩሶ ጠምቶት ጠጣው።

«ሽንት ቤቱስ?» አለች ሂልካ። ክርክሩ እዚህ ላይ አበቃ።

ኦይቫ ሁለት ጀሪካን በበረዶ ሸርተቴ ጭኖ፣ ማንም እንዳያይ ምንጣፍ ደርቦባቸው ሄደ። ማርታ ከፈተች።

«ኦይቫ! ምነው፣ ዓይንህ ባሰበት?»

«ዓይኔ ደህና ነው። ቧንቧዬ… በረዶ ሆነ።»

«እ? ይሄ ጆሮዬ…»

ጆሮዋ ምንም አልሆነም።

«ቧንቧዬ በረዶ ሆነ!» ብሎ ጮኸ፤ የሦስተኛው ቤት ውሻ መለሰለት።

ማርታ የበሩን መቃን ይዛ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ሳውናዬ ከጠዋት ጀምሮ ይነድዳል። ሁላችሁም ኑ» አለች።

ሴቶቹ ቀድመው ታጠቡ። ቀጥሎ ኦይቫና ዩሶ ራቁታቸውን ላይኛው አግዳሚ ላይ ወጡ። ይሄኔ ማርታ በርጩማ ስባ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ፣ ከበሩ ወዲያ ተቀመጠች። ልብሳቸው ያለው እሷ ጋ ነው።

«ኦይቫ፣ መተንፈሻውን ደፍነሃል?»

«ደፍኛለሁ።»

«ቧንቧውንስ በቀጭኑ…»

«ማርታ፣ ሙቀቱ በዛብን…»

«አልጨረስኩም። በረዶ ለመሬት ምንድን ነው?»

«ብርድ ልብስ» አለ ኦይቫ። ዩሶ ሳቁን ለመደበቅ ምድጃው ላይ በጋለው ድንጋይ ውሃ ቢደፋ እንፋሎቱ ሁለቱንም አስጎነበሳቸው። ምክሩ ቀጠለ። ኦይቫ እንደ ድንች እየተቀቀለ አዳመጠ፤ ለካ እንዲህ ነው የሚሰማው!

«ማርታ» አለ በመጨረሻ፤ «ያኔ ያንቺ ሲፈነዳ ምን ነበር ያልኩሽ?»

ማርታ በርጩማውን ወደ በሩ አስጠጋች።

«ባሌን ኤይኖን በቀበርኩ በአራተኛው ቀን ነበር። እሱ ነበር ማታ ማታ ቧንቧውን በቀጭኑ የሚከፍተው፤ እኔ አላውቅም። አንተ መጣህና ‹ክፍት ትተሽው ቢሆን ኖሮ› አልከኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

ኦይቫ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አፈረ፤ ከሙቀቱ ይልቅ ያቃጠለው እሱ ነው። ከአግዳሚው ወርዶ፣ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ራቁቱን ወደ በሩ ተጠጋ።

«ነፍስ ይማር» አለ። «ኤይኖን ነፍሱን ይማር፣ ማርታ። አንቺንም ያጥናሽ።»

ከበሩ ወዲያ ማርታ ተነሳች፤ በርጩማው ሲንቋቋ ተሰማ።

«ያጥናን» አለች። «በሉ ልብሳችሁን ልበሱ። ድንቹ በስሏል።»