ከዘጠኝ ላይ ስድስት ሲቀነስ

ወደቡ ላይ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ሚስተር ሃሪስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «መቀነስ ትችያለሽ?»

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። መቀነስ ግን እችላለሁ። ሥራውም እሱው ነበር። ባዶ የጭነት መኪና ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ክብደቱን እጽፋለሁ። ጨው ጭኖ ሲመለስ እንደገና መዝኜ የባዶውን እቀንሳለሁ፤ ወረቀቱን ለሾፌሩ እሰጣለሁ። ኮምፒዩተሩ ራሱ ይቀንሳል። እኔ ስለማላምነው በእጄም እደግመዋለሁ።

ወደቡ አሌክሳንድሪያ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ነው። ባሕሩ ሩቅ ቢሆንም ወንዙ ጥልቅ ስለሆነ ትልቅ መርከብ እስከ ደጃችን ይገባል። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ከሰፈሩ ጣሪያዎች በላይ ቆሞ ስላገኘሁት ሕንፃ መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩ ሰዎች ከዳር ቆመው ዓሣ ያጠምዳሉ።

በብርዱ ወራት የሚመጣው የመንገድ ጨው ነው። ግራጫ ነው፤ ጠጠር ይመስላል። በረዶ ሲጥል አስፋልት ላይ ይበተናል። ልጄ ሜሮን ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ኮሌጅ የምትሄደው በአውቶቡስ ነው። አውቶቡሱ የማይንሸራተተው በዚህ ጨው መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ እያንዳንዱን መኪና እንደ ቤቴ ጉዳይ እመዝን ጀመር።

ጨው የሚያመላልሱት ባለመኪኖች በሙሉ ሐበሾች ናቸው። አንጋፋቸው የስፕሪንግፊልዱ ጋሽ ተፈራ ናቸው። በየቀኑ በረዶ ይጥል እንደሆነ ስለምጠይቃቸው ይስቁብኛል። «ስምሽ ዘነበች ሆኖ በረዶ ትፈሪያለሽ?» ይሉኛል።

በሦስተኛው ወር፣ ገና በሙከራ ላይ ሳለሁ፣ ሚስተር ሃሪስ መጣ። «ነገ መርከብ ይገባል። ሲመሽ ደግሞ በረዶ ይጀምራል። ጨው ከዚያ በፊት ለየከተማው መድረስ አለበት። ሾፌሮቹን ለዘጠኝ ሰዓት ጥሪልኝ» አለኝ። የጠዋቱን ማለቱ ነው።

እኔ አማርኛ ስናገር ሰዓቱንም በሐበሻ ነው የምናገረው። ስለዚህ ከዘጠኝ ላይ ስድስት ቀነስኩ፤ ሦስት ሆነ። ስህተት እንዳይኖር ብዬ ለሁሉም ሁለት ሁለት ጊዜ ደወልኩ። «ነገ ሦስት ሰዓት፣ አደራ!» አልኩ። ጋሽ ተፈራ «ምሳዬን በልቼ ከች እላለሁ» ሲሉኝ የተለመደ ቀልዳቸው መስሎኝ ሳቅሁ።

በማግስቱ መርከቡ ቆሟል፤ ክሬኑ ተዘጋጅቷል። በሩ ላይ ግን አንድም መኪና የለም። ሚስተር ሃሪስ ሚዛን ቤት ድረስ መጥቶ «ሾፌሮችሽስ?» አለኝ። ለጋሽ ተፈራ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ የት ነዎት?»

«ቤቴ ነኛ! ቁርስ ላይ ነኝ።»

«ሦስት ሰዓት ብዬዎት አልነበር?»

«ታዲያ ሦስት ሰዓት መቼ ደረሰ? አሁን ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው!»

ያኔ ገባኝ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ በሐበሻ ነው ያልኩት!»

«አይ ዘነበች! ሠላሳ ዓመት እዚህ ስኖር በሐበሻ ሰዓት የቀጠረኝ ሰው የለም። በይ ዝጊው፣ ሌሎቹን እኔ ኮል አደርጋለሁ። መጣሁ!»

ለሚስተር ሃሪስ እውነቱን ነገርኩት። «ስድስት የቀነስኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ለምን?»

«እኛ የቀኑን ሰዓት የምንቆጥረው ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ ነው። አንድ ሰዓት የሚባለው ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሞላት ነው።»

በመስኮቱ ወንዙን ትንሽ አየና «ነገሩስ ያስኬዳል» አለ። «መርከቡ ግን አያውቀውም።»

ከሥራ መባረሬን ለሜሮን እንዴት እንደምነግራት ማሰብ ጀመርኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ እዚያው ቆሜ በሩን አየሁ። ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ጡሩምባ ተሰማ። ጋሽ ተፈራ ፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ ተሰልፈው ገቡ። ጋሽ ተፈራ ከላይ የሥራ ጃኬት፣ ከታች የፒጃማ ሱሪ ለብሰዋል።

«እንግዲህ ምሳዬን የምበላው ካንቺ ነው!» አሉኝ በመስኮት። ሽሮዬን ሙልጭ አድርገው በሉ።

ያን ቀን ማንም አላረፈም። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ እኔም እመዝናለሁ፣ እቀንሳለሁ። ክሬን የሚነዳው ሰውዬ ከላይ ሆኖ «ስንት ሰዓት ነው፣ ሚስ ዜኒ?» እያለ ይጮህብኛል፤ ግቢው በሙሉ ይስቃል። የመጨረሻው መኪና ሚዛኑን ሲለቅ የመጀመሪያው በረዶ መስታወቴ ላይ አረፈ።

ጠዋት ሜሮን ደወለች። «ማም፣ ባሱ መጥቷል፣ ሮዱ ክሊር ነው። ስቶፕ ወሪዪንግ!»

ሚስተር ሃሪስ በሳምንቱ ቢሮ ጠራኝ። ቋሚ ባጅ እየሰጠኝ «ሚስ ዜኒ፣ ከእንግዲህ ሚዛኑ ላይ ብቻ ቀንሺ» አለኝ።

ይኸው ስምንት ዓመቴ ነው። ለአዲስ ገቢዎች የማስተምረው ከሚዛኑ በፊት ይህን ነው፦ ሰዓት ስትናገሩ ምንም አትቀንሱ፤ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት በኋላ» የሚለውን ጨምሩበት።