የማር ቆራጩ የዋና ልብስ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሚዛን ተፈሪ

ከመናኸሪያ የተነሣነው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የምሄደው ቴፒ ነው፤ የምሄደውም የዋና ልብስ ልገዛ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ለልጅሽ ነው?» አሉኝ። «ለራሴ ነው» አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ያዙሩ! አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ ዳሌዬም ሰፊ ነው። እዋኛለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። አምና ደጋ ላይ ባለ አንድ ሐይቅ የአማተሮች ትራያትሎን ተዘጋጅቶ ነበርና ተመዘገብኩ። መጀመሪያ ዋና፣ ቀጥሎ ብስክሌት፣ ከዚያ ሩጫ ነው። እኔ ከዋናው አላለፍኩም። ሐይቁ አጋማሽ ላይ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ዘልቆ ጥርሴን ሲያንገጫግጨው የነፍስ አድን ጀልባ መጥቶ አወጣኝ። ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ስንቀጠቀጥ ከአስተባባሪዎቹ አንዱ «እናት፣ ከእንግዲህ ዳር ሆነው ቢያጨበጭቡ ይሻላል» አለኝ። ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል።

ዘንድሮ የካቲት ላይ እመለሳለሁ። አዘጋጆቹ ግን ዌትሱት ያልለበሰ ውሃ አይገባም ብለዋል። ዌትሱት ከለስላሳ ጎማ የሚሠራ፣ ገላ ላይ ልክክ ብሎ ሙቀት የሚይዝ የዋና ልብስ ነው። አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ ዞራ ዞራ አጣች። በመጨረሻ ቴፒ ውስጥ አንድ ሰልባጅ ነጋዴ ዘንድ አለ የሚል ወሬ ደረሰኝ። ልብሱን ካላገኘሁ ሁለተኛ ዕድል የለኝም።

ወቅቱ የቡና ለቀማ ነው። በየደጁ ቀይ ቡና በሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቷል። ሾፌሩ በየመታጠፊያው ጆንያ ስለሚጭን እግሬን የማሳርፍበት አጥቼ ጉልበቴን አቅፌ ተጓዝኩ። ሸኮ ላይ ጥቂት ቆመን የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ በሠላሳ ብር በላሁ። ከዚያ ወዲያ ጫካው እየጠቆረ፣ አየሩም እየሞቀ ሄደ።

አራት ሰዓት፣ ቴፒ

ነጋዴው ሰይድ ይባላል፤ ከስልጤ የመጣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ከተሰቀሉት ካፖርቶች ጀርባ ጥቁርና ወፍራም ልብስ አወጣ። አንገቱ ውስጥ «5» ተጽፎበታል፤ ውፍረቱ አምስት ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው።

«ይኸውልሽ እህቴ! ውፍረቱን እዪው። በዚህ እንኳን ውሃ፣ በረዶ ላይ ትተኚበታለሽ።»

ሱሪዬ ላይ ደርቤ ገባሁበት። ዚፑን ለመዝጋት ከጎረቤት ሱቅ ሁለት ሴቶች ተጠሩ። አንዷ ጀርባዬን በጉልበቷ ደግፋ ስትስብ ሌላዋ በሳቅ ፈረሰች። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። አንገቴን ያዘኝ፣ ላቤ በጀርባዬ ወረደ። ግን የአምናው ብርድ ትዝ ሲለኝ ውፍረቱ አስደሰተኝ። ስድስት ሺህ ካለው በአራት ሺህ አምስት መቶ ብር ተስማማን።

እያጣጠፈልኝ ሳለ «ሌላ አልነበረህም?» አልኩት።

«ከዚሁ ቦንዳ አንድ ስስ ወጥቶ ነበር። ሸኮ ያለ ማር ቆራጭ፣ ጋሼ ጴጥሮስ የሚባል፣ ንብ እንዳይነድፈው ብሎ ወሰደው። ሁለቱንም ለክቶ ይኼን ጥሎ ያንን አነሣ። ምኑን ያውቃል!»

እኔም አብሬው ሳቅሁ። መኪና ውስጥ ስቀመጥ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ንብ የሚፈራ ሰው ወፍራሙን ትቶ ስሱን ለምን ይመርጣል? ሸኮ ስንደርስ ለረዳቱ «ወራጅ አለ» አልኩት።

ስምንት ሰዓት፣ ሸኮ

የጋሼ ጴጥሮስን ቤት የማያውቅ የለም። እሳቸው ቡና ሲያገላብጡ፣ ባለቤታቸው አስቴር ሲለቅሙ ደረስኩባቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው አልገረማቸውም። አፋቸውን የፈቱት በሸኮኛ ነው፤ በአማርኛ ሲያወሩ ትንሹንም ትልቁንም አንተና አንቺ ይላሉ።

«ለንብ ከሆነ ወፍራሙ አይሻልዎትም ነበር?» አልኳቸው።

«ወፍራሙ ንብ አያስገባም፣ እውነት ነው። ግን እጅ አይነሣም።» ክንዳቸውን ሽቅብ ዘረጉ። «እኔ ቀፎ የምሰቅል ትልቅ ዛፍ ነው። እጅ ካልተነሣ ግማሽ ላይ ይደክማል። ንብ ሁሌ ትነድፋለች፣ ለምጃለሁ። እኔ የምፈራ መውደቅ ነው።»

«ውሃ እኮ ዛፍ አይደለም» አልኩ።

«እሺ፣ ግቢና አሳዪኝ።»

እልህ ያዘኝ። ከቤታቸው በታች ወንዙ ሰፍቶ ጥልቅ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ ከጫካ የሚመጣ ውሃ ስለሆነ ይቀዘቅዛል። ወፍራሙን ለብሼ ገባሁ። ከዳር እስከ ዳር ሄድኩ፣ ተመለስኩ። እንደተባለው ብርድ የሚባል የለም። ሦስተኛው ዙር ላይ ግን ትከሻዬ ጀሪካን እንደተሸከመ ሰው ዛለ፤ እያንዳንዱን ክንድ ከጎማው ጋር ታግዬ ነው የማነሣው። አራተኛውን ሳልጨርስ የዛፍ ሥር ይዤ ቆምኩ።

አልበረደኝም። ግን ቆምኩ። እዚያው ሥሩን እንደያዝኩ አንድ ነገር አመንኩ። አምናም መጀመሪያ የከዳኝ ክንዴ ነበር፤ ብርዱ የያዘኝ መዋኘት ካቆምኩ በኋላ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለራሴም ጭምር። ብርዱ ላይ ማላከክ ይቀል ነበር።

አስቴር ስሱን ይዘው መጡ። ጭስና ሰም ይሸታል። ክርኑ ላይ በብስክሌት ከመነዳሪ ተለጥፏል፤ ጋሼ ጴጥሮስ ዛፉን በእግራቸው ቆንጥጠው እንዲይዙ ቅልጥሙ ላይ ተቆርጧል። ትራያትሎን የሚወዳደሩትም ቶሎ ለማውለቅ እዚያው ጋ በመቀስ እንደሚቆርጡት በስልኬ አይቼ ነበርና ሳቄ መጣ። አስቴር ጎማው እንዳይይዘኝ እግሬ ላይ ፌስታል አጥልቀው ልብሱን ሽቅብ ሳቡት።

«ልብስ ነው ወይስ ቆዳ?» እያሉ ዳሌዬን ሁለቴ መቱኝ፤ ገባ።

በተለጠፈው ክርን በኩል ውሃ ዘልቆ ክንዴን አቀዘቀዘው። ጮህኩ። ቢሆንም ክንዴ ተነሣ! ያለ ትግል ተነሣ። አምስት ዙር፣ ስምንት ዙር፣ አሥር። ስወጣ ከንፈሬ ሰማያዊ ሆኗል፤ ትንፋሼ ግን ገና አላለቀም። ጋሼ ጴጥሮስ ቋጥኝ ላይ ተቀምጠው መቁጠር ትተው ነበር።

«ይሽጡልኝ» አልኳቸው።

«አልሸጥም። ግንቦት ማር አለ።»

«እንግዲያው ያውሱኝ። የካቲት እንዳለቀ እመልሳለሁ፤ ወፍራሙ መያዣ ይሁን።»

«ወፍራሙን ምን ላርገው?»

«ተወው፣ እንተኛበታለን» አሉ አስቴር፤ ሦስታችንም ሳቅን። እንግዳ ባዶ እጁን አይሄድም ብለው አንድ ጆግ ቦርዴ ካላጠጡኝ አለቀቁኝም።

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሚዛን

በመጨረሻው ሚኒባስ ተመለስኩ። መኪናው በሙሉ ጭስ ጭስ ሲሸት ረዳቱ ማን ማር እንደጫነ ጠየቀ፤ ልብሱን ከወንበሩ ሥር ገፋሁት። ቤት ደርሼ ልብሱን ነገ ፀሐይ እንዳያገኘው ቤት ውስጥ አሰጣሁት፤ ጎማ ፀሐይ አይወድም።

ሰው ልብስ ሲመርጥ ሳያውቀው የሚፈራውን ነገር ይመርጣል። ወፍራሙን የገዛሁት ብርዱን ፈርቼ ነው፤ ያንን ሁሉ ብር የከፈልኩትም ራሴን ላለመውቀስ ነበር። ጋሼ ጴጥሮስ ዛፍ ላይ የሚገድላቸው ምን እንደሆነ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ እኔ ለማወቅ ዓመት ፈጀብኝ። እስከ የካቲት ክንዴን አጠነክራለሁ። ሐይቁ እንደፈለገ ይቀዝቅዝ፤ በዚያ በተለጠፈው ክርን ብርዱ እንደሚገባ አውቄ ነው የምገባው።