አምስት አምስት በሉላት

የልጅ ልጄ ሳምራዊት ለማስተርሷ መጠይቅ አዘጋጅታ፣ ኢምፔሪያል አካባቢ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ልታስሞላ ብትሄድ ሠራተኞቹ «ነገ፣ ነገ» እያሉ አመላለሷት። አርብ ካላስረከበች ደግሞ መመረቋ ቀረ ማለት ነው። «እኔ ልምጣ፤ አሮጊት ስትለምን ማን እምቢ ይላል?» ብዬ ከየካ አባዶ በታክሲ አብሬያት ሄድኩላችሁ።

እሷ አለቃውን ልታናግር ስትገባ እኔ ወረቀቱን ይዤ በየጠረጴዛው ዞርኩ።

«እማማ፣ ከአንድ እስከ አምስት ይላል፤ የቱን ላክብብ?» አለኝ አንዱ።

ፊደል ባልቆጥርም ይሄ ምን ያቅተኛል? «ትልቁን ነዋ! ልጄ እንድታልፍልኝ አምስት አምስት በሉላት፣ የኔ ጌታ!»

ሁሉም ባንዴ ሞሉልኝ፤ እኔም መረቅኋቸው።

ሳሚ ታክሲ ውስጥ ወረቀቱን ስታገላብጥ ፊቷ ተለዋወጠ። «እማዬ፣ ምን አደረግሽኝ? አምስት እኮ ማርክ አይደለም፤ 'በጣም እስማማለሁ' ማለት ነው! 'ሥራዬን እወደዋለሁ' አምስት፣ 'ሥራዬን ልለቅ አስባለሁ'ም አምስት! ማን ያምነኛል?» ዕንባዋ መጣ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በማግስቱ አዲስ ወረቀት ይዛ ሄደች። እኔን በር ላይ ከዘበኛው ጋር አስቀምጣ፣ «ስም አይጻፍም፣ አለቃችሁም አያየውም፤ የልባችሁን ሙሉ» ብላ ራሷ አስሞላች። ስትወጣ ወረቀቱ ላይ ፈዝዛ ቀርታለች።

«ምነው ልጄ፣ ዛሬም አበላሸሁብሽ?»

«'ሥራዬን እወደዋለሁ' የሚለው ከአምስት ወደ አንድ ወርዷል።»

«'ልለቅ አስባለሁ' የሚለውስ?»

«እሱማ ያው አምስት ነው።»