ለቅሶ ቤት የዘፈነው አልጋ

አልጋ ሲዘፍን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ካርቱም ሰምቻለሁ። እዚያው ሪያድ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት ልጅ እየያዝኩ ስሠራ ማዳም ከዱባይ የሕፃን አልጋ አስመጣች። ልቅሶ ሲሰማ በራሱ እየተወዛወዘ ሞቅ ያለ ዘፈን ይለቃል። «ከእንግዲህ አንቺ ጽዳት ብቻ!» አለችኝ።

ብዙም ሳይቆይ የባሏ አባት አረፉ። ለቀስተኞቹ ሴቶች ገብተው እሪ ሲሉ ባዶው አልጋ ዘፈኑን ለቀቀው። ሕፃኑ እኔ ጀርባ ላይ ተኝቷል። እነሱ ጩኸት ሲጨምሩ አልጋው ዘፈን ይደጋግማል። ማዳም በዓይኗ ልትበላኝ ደረሰች። ሮጬ ሶኬቱን ነቀልኩት። ሴቶቹም እንባቸውን ጠርገው ስለ ሰው ሠርግ ማውራት ጀመሩ።

የሟቹ ሚስት፣ ሐቦባ፣ አያቴ እንደማለት፣ የምንላቸው አሮጊት፣ ክንዴን ያዙኝ።

«ያላ ልጄ፣ መልሰሽ ሰኪው» አሉኝ። «ከጠዋት ጀምሮ ሊያባብለኝ የሞከረ እሱ ብቻ ነው።»