ሰረገሎቹን ቋጥሬ ወደ መርሳ

የሰው ወንድም ውጭ አገር ሲሄድ ስልክ ይልካል፣ ልብስ ይልካል። የኔ ወንድም ከቤሩት የሚልከው ያረጀ የብር ሳንቲም ነው። አዛዡ ደግሞ አባቴ ናቸው። የጥንት ሮማውያንን የብር ሳንቲም ይሰበስባሉ፤ እሱም ሁሉንም አይደለም፣ ፈረስ የሚጎትተው ሰረገላ የተቀረጸበትን ብቻ። የንጉሥ ፊት ብቻ ያለበት ቢመጣላቸው “ይሄን ምን ላርገው?” ብለው ያኮርፋሉ።

ነገሩ የጀመረው ሲሪንቃ እርሻ ምርምሩ ውስጥ ይሠሩ በነበረ ጊዜ ነው። አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ሲሰናበታቸው አንዷን ሰጣቸው፤ በዚያው ለከፋቸው። የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ብር ላይ መንኮራኩር ለማየት አጉሊ መነጽር ገዙ። ወልድያ ቤታችን እንግዳ ሲመጣ ከምሳው በፊት ሳንቲም ይቀርብለታል። አንዴ አንዷ ጥቁር ብላ ባያት፣ ደግ የሠራሁ መስሎኝ፣ እንደ እናቴ የብር ድሪ በአመድና በሎሚ ፈትጌ እንድታብለጨልጭ አደረግኳት። ወላሂ፣ ሰው የገደልኩ ነው የመሰላቸው። “የሁለት ሺህ ዓመት መልኳን አጠብሽባት!” ብለው ስንት ቀን አኮረፉኝ።

ይሄን ሁሉ ችዬ ኖሬያለሁ። ጦርነቱ ሲመጣ ግን አንጀቴን አሳረሩት።

የከባድ መሣሪያው ድምፅ ወደ ወልድያ እየቀረበ ነበር። ልጆቼን አስቀድሜ መርሳ አክስቴ ዘንድ ልኬያቸዋለሁ። ጎረቤቱ ፍራሹን ጠቅልሎ ወጥቷል፤ ሚኒባስ የለ፣ ባጃጅ የለ። አባቴ ሳንቲሞቹን ግቢያችን ካለው የሎሚ ዛፍ ሥር ቀብረው፣ ከላዩ በርጩማ አስቀምጠው ቁጭ ብለዋል።

“አባባ፣ ሰው እኮ ነፍሱን ይዞ እየሮጠ ነው!”

“አንቺ ሂጂ። ልጆችሽ ይጠብቁሻል።”

“አንቱን ጥዬ? ሳንቲሞቹን ይያዙና እንሂድ።”

“መንገዱ ሁሉ ፍተሻ ነው። ኪሴ ውስጥ አራት ፈረስ ቢያገኙ የማን ዓርማ ነው ይሉኛል። ምን ልበል? የሮማ ነው ልበል?”

ለመንኳቸው፣ አለቀስኩ፣ ጮህኩ። ፍንክች! እኔ ልጆቼ ዘንድ ካልደረስኩ አበድኩ፤ እሳቸውን ጥዬ ከሄድኩም አበድኩ። በእኚህ ሰውዬ ግትርነት ስንቱን ልቃጠል?

በማግስቱ ሱብሂ ሊሰግዱ መስጊድ ሲሄዱ ዶማ አነሳሁ። ሳንቲሞቹን አውጥቼ የሻርፔ ጫፍ ላይ ቋጠርኳቸውና መስጊዱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው።

“ሰረገሎቹ መርሳ ሊሄዱ ነው። ከፈለጉ ይከተሉ” ብዬ ጉዞ ጀመርኩ።

ያ አላህ፣ ስድቡ! “ሌባ! ሰው ስሙኝ፣ ይቺ ሌባ ናት!” ያ ሁሉ ሕዝብ ልጅ አዝሎ፣ በግ እየጎተተ ሲተም ማን ይስማቸው? ቋጠሮውን ሆን ብዬ ወደ ጀርባዬ ጥዬዋለሁ፣ እንዲያዩት። ወደ ኋላ ሲቀሩ ነቅነቅ አደርግላቸዋለሁ፤ ፍየል በቅጠል እንደሚያስከትሉ ማለት ነው። ከኋላዬ ሲያጉረመርሙ ከሰማሁ፣ አሉ ማለት ነው ብዬ እቀጥላለሁ። ጉልበታቸውን፣ ፀሐዩን፣ ደግሞም እኔን ሲረግሙ ሲሪንቃ ደረስን። እዚያ ትንሽ ተቀምጠን ውሃ ጠጣንና እንደገና ተነሣን።

ሲሪንቃን እንዳለፍን ደግሞ ባሰባቸው። “ቁሚ! አንቺ ልጅ፣ ቁሚ እላለሁ!” ደጋግመው ጠሩኝ። ሰዉ መንገዱን ሞልቶ ይገፋፋል፤ ደሞ አሁን ምን ሊሉኝ ነው ብዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ዞሬም አላየኋቸው። ኋላ መጥራቱን ተዉት፤ ማጉረምረማቸው ግን ከኋላዬ ነበር።

አስር ሲቃረብ መርሳ አክስቴ ቤት ገባን። ልጆቼ አንገቴ ላይ ተንጠለጠሉ። እፎይ ብዬ ሻርፔን ከትከሻዬ አወረድኩና “ይኸው፣ ይረከቡኝ! ሁለተኛ እጄ አይነካቸውም!” ልል ስል፣ ቋጠሮው ላልቷል። አንዷ የለችም። ሌላዋ ብትሆን ምን ነበረበት! ሁለት ፈረስና አራት ፈረስ ያለው ሞልቷል፤ የጠፋችው ሦስት ፈረስ የሚጎትታት ናት፣ ወንድሜ ስንት ሱቅ ዞሮ ያገኛት።

ክው አልኩ። አባባ ነገ በጠዋት ወደዚያ መንገድ ተመልሰው ሊፈልጓት ነው፤ አውቃቸዋለሁ! እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ እኔ ቀደምኩ።

“አንዷ ወድቃለች። እመለሳለሁ ቢሉ ወላሂ እግርዎን ነው የማስረው! ሰምተዋል?”

አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ክር እየፈቱ ነበር። ቀና እንኳ አላሉም።

“ከሲሪንቃ ወዲህ ነው የወደቀችው። አይቻታለሁ” አሉ።

“አይተው? አይተው ዝም አሉ? ኧረ በአላህ! ለምን አላነሷትም?”

“ጠራሁሽ። አልዞር አልሽ።”

“ታዲያ ጎንበስ ብሎ ማንሳት ያቅታል?”

“ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ብታመልጪኝስ? በዚያ ሁሉ ሰው መሀል የት አገኝሻለሁ?”

በንዴት ይሁን በምን እንጃ፣ እንባዬ መጣ። አክስቴ ያመጣችውን የእግር ውሃ ተቀብዬ እግራቸውን ላጥብ ብዬ ጎንበስ አልኩ። ጫማው ተረከዛቸውን ልጦት፣ ካልሲው በደም ተጣብቋል። ይሄንንም አልነገሩኝም።