በወይዘሮ ያልጋነሽ ሬዲዮ ላይ የፈረድሁት ፍርድ

ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን ተናግሬያለሁ፤ ቁጡነቴንም ሳልደብቅ ተናግሬያለሁ። ይህን ግን በየዓመቱ ዘልየው አልፋለሁ። ከአንዲት ሴት በቀር የሰማው የለም። እናንተ ስሙኝ፤ ግን አትዘኑልኝ።

ቢቸና የፊዚክስ መምህር ነበርሁ። ደርግ ወድቆ ገበያው በየዓይነቱ ሬዲዮ ሲሞላ፣ ሰው እኔን ሳያማክር አይገዛም ነበር። አንቴናውን መዝዤ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ፣ «ይሄ ይሻላል» ካልሁ አለቀ። ያ ክብር አሰከረኝ።

የገበሬዎች ማኅበር ለአባላቱ ሬዲዮ ሊገዛ ሲነሣ ሁለት ዓይነት ቀረበ፤ አንዱ የቢቸና ነጋዴ ያመጣው፣ ሌላው ወይዘሮ ያልጋነሽ ከሞጣ ያመጡት። አወዳድር ተባልሁ። እኔ ግን ገና ሳልሞክራቸው ጠላ ቤት ተቀምጬ፣ «የሞጣው ዕቃ እርባና የለውም፤ የእኛው ይበልጣል» ብዬ ነበር።

ቤቴ ወስጄ ብከፍታቸው ምን ሰማሁ? የእኛው ነጋዴ ሬዲዮ ጣቢያ ስፈልግበት ያንኮራፋል፤ ድምፁን ከፍ ሳደርገው ይሰነጠቃል። የወይዘሮ ያልጋነሽ ግን ከሩቅ የሚመጣውን ጣቢያ ሳይቀር አጥርቶ ያሰማል። ሳላውቅ አይደለም የፈረድሁ። አውቄ ነው!

ምን አደረግሁ? የእርሳቸውን ሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ አውጥቼ፣ ከእጅ ባትሪዬ የደከመውን ድንጋይ ከተትሁበት። ኋላ ላይ ሰው ጉቦ በልቷል ብሎ አማኝ። ምነው በበላሁ! ጉቦኛ ቢያንስ ሆዱን ይሞላል። እኔ «ተሳስቼ ነበር» የምትል ቃል ከብዳኝ ነው ሰው የገደልሁ።

በገበያው ቀን ሰው ከቦን ሬዲዮአቸውን ከፈትሁ። አቃሰተ። ሳቅ ሆነ።

«መምህር፣ ድንጋዩን ቀይረው ይሞክሩልኝ» አሉኝ ወይዘሮ ያልጋነሽ። «የዚች ሬዲዮ ድምፅ እንዲህ አይደለም፤ ቤቴ ሰምቻታለሁ።»

«ሥራዬን ሊያስተምሩኝ ነው?» አልኋቸው።

አንዱ ከኋላ፣ «የዲዳ ነጋዴ!» ብሎ ጮኸ። ገበያተኛው አስካካ። እኔም ሳቅሁ። እኔ! እጄ የሠራውን እያወቅሁ፣ ዓይናቸውን እያየሁ ሳቅሁ።

ያ ስም እስከ ሞጣ ተከተላቸው። በቃላቸው ይምሉ የነበሩ ደንበኞቻቸው ሸሹ፤ ሱቃቸው ተዘጋ። ማኅበሩ በእኔ ቃል ከእኛው ነጋዴ የገዛቸው ሬዲዮዎች ደግሞ ክረምቱን ሳይሻገሩ ጸጥ አሉ። ገበሬዎቹ ይዘዋቸው ሲመጡ፣ «አያያዝ አታውቁም» ብዬ ተቆጣኋቸው። አፍሬ እንኳ አላውቅም።

ወይዘሮ ያልጋነሽ ሲሞቱ ለቀብር ሞጣ ሄድሁ። ቤታቸውን ብጠይቅ አንድ ጎረምሳ፣ «የዲዳ ነጋዴዋን ነው? በዚያ በኩል» አለኝ። አንገቴን ደፍቼ በጠቆመኝ ሄድሁ።

ከቀብር መልስ ልጃቸውን እናትዓለምን ወደ ጥግ ወስጄ ሁሉንም ነገርኋት። አላለቀሰችም።

«ለእኔ ለምን ሹክ ይሉኛል?» አለችኝ። «እናቴን ያዋረዷት ገበያ መካከል ነው። እዚያው ቆመው ይናገሩ። ከዚያ በፊት ይቅርታ እንዳይጠይቁኝ።»

ቢቸና ተመልሼ በገበያ ቀን ወጣሁ። ሰው «መምህር» እያለ መንገድ ይለቅልኛል። መካከሉ ላይ ቆምሁ። አፌን ልከፍት አልሁ። ሽንኩርት ገዝቼ ገባሁ። በሚቀጥለው ገበያ ደግሞ በርበሬ ገዝቼ ገባሁ።

ጡረታ ወጥቻለሁ። ማን ምን ያደርገኛል? ማንን ነው የምፈራው? ሬዲዮ የገዙት ገበሬዎች እኩሌታቸው ሞተዋል። እኔ ዛሬም ያችን ቃል ማውጣት አቅቶኛል።

ይቅር በሉኝ አልልም። በምን አፌ? ገበያው ከቤቴ ፊት ለፊት ነው፤ እኔ ግን በሬን ዘግቼ ወረቀት ላይ እጮሃለሁ።