በር አጠገብ የተቀመጠው ኮሚቴ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምንሰማው ሸክላ በሚተኮስበት ምሽት ብቻ ነበር፤ በሌላው ቀን ለተረት ጊዜ ያለው ሰው ቤታችን ውስጥ አልነበረም። የምንኖረው ከጉኑኖ ወጣ ብሎ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። የእናቴም የአክስቴም እጅ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ይውላል። አመሻሹ ላይ ነፋሱ በረድ ሲል የደረቁትን እንስራዎች፣ ድስቶችና ጀበናዎች መሬት ላይ ደርድረው፣ በደረቅ ሣር፣ በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ሸፍነው እሳት ይለቁበታል። ያኔ እኛ ልጆች መሮጥም መጮህም ክልክል ነበር። አክስቴ እሳት ላይ ያለ ሸክላ ጩኸት አይወድም ትላለች። እውነት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ብቻ አንድ እንስራ እሳቱ ውስጥ ዷ ብሎ ከፈነዳ ጥፋቱ የእኛ ነበር። ተረቱም እኛን አንድ ቦታ ለማስቀመጥ የመጣ ይመስለኛል።

አክስቴን አዬ አማረች ነበር የምንላት፤ አዬ በወላይትኛ እናት ማለት ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። አግብታ፣ ፈታ፣ ተመልሳ ከእኛ ጋር የምትኖር፣ ቀጭን፣ ምላሷ የሚፋጅ ሴት ነበረች። የእሳቱ ወላፈን ፊቷን እያቀላው፣ ጭሱ ዓይኗን እያስለቀሳት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታወራለች፤ እኛም የጎደሬ ቅቅል በእጃችን ይዘን እንሰማለን።

ከተረቶቿ ሁሉ የፍልፈሉን አልረሳውም። ድርቅ ሆነ፤ አራዊቱ ሁሉ ውሃ አጡ፤ ፍልፈል ሲቆፍር ሲቆፍር ምንጭ አገኘ። አራዊቱ ማን ቀድሞ ይጠጣ ብለው ዋርካ ሥር ሸንጎ ተቀመጡ። ፍልፈልም ሊቀመጥ ሲል፣ አንተ አፈር በአፈር ነህ፣ ወዲያ ሆነህ አድምጥ አሉት። አንበሳ ይቅደም፣ ነብር ይከተል እየተባለ ወረደ ወረደና ፍልፈል መጨረሻ ላይ፣ ያውም ከተረፈ፣ ይጠጣ ተብሎ ተወሰነ። ተረቱ እዚህ ላይ ያልቃል። እኔን ይህ መጨረሻ ያንገበግበኝ ነበር፤ ምንጩን ለምን አይደፍንባቸውም ብዬ እጠይቃታለሁ።

«ይድፈነው» ትለኛለች ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሰች። «ከዚያ እሱስ ምን ሊጠጣ ነው?»

ፍልፈሉ ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። እኛ ቺናሻ ነን፤ በወላይታ የሸክላ ሠሪ ወገን የሚጠራበት ስም ነው። የሰፈሩ ውሃ የሚቀዳው በእኛ እንስራ፣ ጎመኑ የሚበስለው በእኛ ድስት ነበር። እኛ ግን ገበሬዎቹ ቤት ስንሄድ ከበሩ አናልፍም፤ ምግብ ቢሰጡንም በእንሰት ቅጠል ላይ ነው። ልጃቸውን አይድሩልንም፤ እኛም አንጠይቅም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሁላችሁም ወንድማማች ናችሁ ተብሎ ሲሰበክ አብረን አሜን እንላለን፤ ሰኞ ሁሉም ወደየቦታው ይመለሳል። ሰው በዚህ ይናደዳል ትሉ ይሆናል። ይደክማል እንጂ ሁልጊዜ መናደድ አይቻልም።

ቤታችን ካረፈችበት ጓሮ ሌላ መሬት አልነበረንም። የእኛ የምንለው ወንዙ ዳር ያለውን ረግረግ ብቻ ነበር፤ እህል የማይዘራበት፣ ከብት የማይሰማራበት፣ ጭቃችን የሚወጣበት ቦታ። ባለቤት አልነበረውም፤ ባለቤት ያስፈልገዋል ብሎ ያሰበም የለም። መሬት ሊለካ፣ ለየሰውም በስሙ ሊጻፍ ነው ሲባል ግን አባቴ እንቅልፍ አጣ። ረግረጉ በሌላ ሰው ስም ከተጻፈ እኛ ምን እንሠራለን፣ ምንስ እንበላለን?

የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተመረጠ። ከወረዳ የመጣው ሰው ሁሉም ወገን ይወከል ስላለ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ወጣት አባቴን ጠቆመ፤ እጅ ወጣለት፤ ተጨበጨበ። አባቴ በዚያ ቀን ከወትሮው ቀና ብሎ ወደ ቤት ሲመጣ ትዝ ይለኛል። እናቴ እልል ልትል ፈልጋ ጎረቤት እንዳይሰማ ተወችው። አዬ አማረች ብቻ፣ እስቲ እናያለን አለች።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ስለሚያፈስ ኮሚቴው የሚሰበሰበው በሰብሳቢው በአቶ ባሳ ቤት ነበር። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። አባቴን አትግባ ያለው ሰው የለም፤ እሱም ልግባ አላለም። እንደ ልማዱ መቃኑ አጠገብ ተቀመጠ፤ የራሱን ስኒ ከኮቱ ኪስ አወጣ፤ ቡና ተቀዳለት። ሌሎቹ ከላሞቹ ማደሪያ ወዲያ፣ ትልቁ ቤት ውስጥ ዘልቀው ምድጃውን ከበቡ። ቤቱ በጭስ ታፍኗል፣ ላሞቹ ያመነዥጋሉ፤ ወሬው ለአባቴ አንዱ ሲደርሰው አንዱ ይቀራል። በር አጠገብ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ምን አላችሁ ብሎ አይጠይቅም፤ ነውር ነው። በመጨረሻ አቶ ባሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተስማምተናል ወይ ሲል ሁሉም ተስማምተናል አሉ። አባቴም አብሮ ተስማምተናል አለ።

ብዙም ሳይቆይ የአቶ ባሳ የወንድም ልጅ ረግረጉን አጥሮ የባሕር ዛፍ ችግኝ መትከል ጀመረ። አዬ አማረች ጭቃ ልታወጣ ስትወርድ ኮሚቴው ለእኔ ወስኖልኛል፣ ወንድምሽም ተስማምቷል ብሎ መለሳት። ባዶ ቅርጫቷን ይዛ መጣች። ቀድመው የደረቁ ሸክላዎች ስለነበሩ ያን ምሽት እሳቱን ለኮሰችው፤ አባቴ ሲመጣም ከእሳቱ ቀና ሳትል ጠየቀችው።

«እውነት ተስማምተሃል?»

«እኔ በር አጠገብ ነበርኩ፣ እህቴ» አለ።

እኛ ልጆች እንደ ልማዳችን ተረት ጠበቅን፤ አልተነገረንም። እሳቱ ውስጥ አንድ ሁለት እንስራ ፈነዳ፤ የተቆጣን ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሰውየውን ችግኝ እያረምን በምትኩ ጭቃ እናወጣ ነበር። ባሕር ዛፉ ሲያድግ ግን የረግረጉን ውሃ ጠጥቶ ጨረሰው። እነ እናቴ ጭቃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ ጀመሩ፤ የአዬ አማረች ጉልበት ያለቀው በዚያ መንገድ ነው። አባቴ ግን በየምርጫው ይመረጥ ነበር፤ ጭቅጭቅ የማያውቅ ሰው ነው ይሉታል። እንግዳ ከዞን ሲመጣ ይኸው ሸክላ ሠሪውም ተወክሏል እያሉ ያስነሱታል፤ እሱም ተነስቶ እጅ ይነሳል።

ዩኒቨርሲቲ ስጨርስ ጠየቅኩት፤ ያኔ ለምን አልስማማም አላልክም? አልተቆጣኝም።

«ልጄ፣ እንቢ ለማለት መጀመሪያ መስማት ያስፈልጋል» አለኝ። «ለመስማት ደግሞ መግባት ነው። አንቺ ተምረሻል፣ ትገቢያለሽ።»

እውነቱን ነው፣ ገባሁ። ሶዶ ከተማ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ኮሚቴ ሲቋቋም ስሜ አይቀርም፤ ሴትም የሸክላ ሠሪ ልጅም ስለሆንኩ በአንድ ወንበር ሁለት ወገን ይወከልብኛል። ጠረጴዛው መካከል ያስቀምጡኛል፤ ሻዩ ለሁላችንም በአንድ ዓይነት ብርጭቆ ይመጣል። በቅርቡ ተበላ በምትባለው ከተማ በኩል ያለ ባዶ ቦታ ለአንድ ባለሀብት ይሰጥ የሚል ጉዳይ ቀረበ። ባዶ በተባለው ቦታ ላይ ሴቶች ጭቃ ሲያወጡ በዓይኔ አይቻለሁና እጄን አውጥቼ አልስማማም አልኩ፤ ምክንያቴንም ተናገርኩ። ማንም አልተቆጣኝም። ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ አስተያየትሽ ተይዟል አለ። ስወጣ አንድ ባልደረባዬ፣ ነገሩ እኮ ባለፈው ሰርግ ቤት ያለቀ ነው፣ ለምን ትደክሚያለሽ አለኝ፤ ለእኔው አዝኖ ነው። ወደዚያ ሰርግ የተጠሩት እርስ በርስ የሚዛመዱትና የሚጋቡት ናቸው፤ እኔን የጠራኝ የለም።

ማታ አባቴ ጋ ደወልኩ። አርጅቷል፤ ስልኩን አፉ ላይ አስጠግቶ ይጮኻል።

«ገብተሽ ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«ሰማሽ?»

«ሁሉንም።»

«እንቢስ አልሽ?»

«አልኩ፣ አባዬ።»

«ታዲያስ?» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ እንደ መደሰት ያለ ነገር ነበር።

ቦታውን ለባለሀብቱ ሰጡት አልኩት። ይጮኽ የነበረው ድምፁ ወርዶ፣ ደህና እደሪ ልጄ አለኝ። ምነው ነገሩን ባልነገርኩት ብዬ አዘንኩ፤ ያ ምስኪን ዕድሜውን ሙሉ ችግሩ በሩ ብቻ ይመስለው ነበር።